የአስራ አንድ ቁጥር ድምፅ

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ከወንዙ ተነስቶ ሲሳብ አድሮ፣ ሲነጋ የክር ፋብሪካውን ግቢ እስከ አጥሩ ጫፍ ሞልቶት ተገኘ። እንደ ረጠበ ጨርቅ ፊት ላይ የሚለጠፍ ጉም ነው። ከዋናው በር እስከ ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሰዓቱ ግን የለም፣ ግድግዳውም የለም። ሰው ከጉሙ ውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጫማው፣ ፊቱ በመጨረሻ።

ፈታሿ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ገብታለች። ከቆርቆሮ በተሠራችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ መጋረጃዋን ጋርዳ እጆቿን ታፋትጋለች። ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች መፈተሽ ነው ሥራዋ። ብብት ውስጥ፣ ነጠላ ጫማ ውስጥ፣ የታሰረ ፀጉር ውስጥ ሳይቀር የክር ጥቅል ይደበቃል። እሷ ግን ማንንም አታንገላታም። በእጇ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ አንዴ ታወርዳለች፣ አበቃ። ኪስ ውስጥ ያለው መሐረብ ይሁን ክር በክብደቱ ታውቀዋለች። ለዚህ ነው ሠራተኞቹ «እትዬ ሚዛን» የሚሏት። ስሟን የሚያውቅ ቢኖር የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ትምህርቷን ያቆመችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ የአስራ አራት ዓመት ልጅ፣ ወንድሟ የአራት ነበሩ። አባት የተባለውማ ቀደም ብሎ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት ተብሏል። ደብተሯን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ፋብሪካው ገባች፤ መጀመሪያ ክር ጠቅላይ፣ ኋላ ፈታሽ። ልጁን በጀርባዋ አዝላ አላሳደገችውም፤ ለመታዘል ትልቅ ነበር። እጁን ይዛ ነው ያሳደገችው። ሲሻገሩ እጁን፣ ሲያመው እጁን። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ያንን እጅ ነጥቆ ወታደር ቤት ገባ። አላለቀሰችም። ማልቀስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ አልነበራትም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ተመለሰ። አካሉ ሙሉ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀባት። ወንበር ሲመርጥ ግድግዳ ተደግፎ በሩን የሚያይበትን ነው። ሲበላ ማንኪያው ሳህኑን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ከሁሉ የገረማት ደግሞ አካሄዱ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ በግራው በኩል አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ይተዋል። መንገዱ ቢጠብም አይሞላውም። እሷ በቀኙ ሆና ከግንቡ ጋር እየተፋተገች ትሄዳለች እንጂ ያ ቦታ አይነካም። ይባስ ብሎ መንገደኛው ሁሉ ሳያውቀው ያንን ክፍት ቦታ ዞሮ ያልፈው ነበር።

«በግራህ ማነው ያለው?» አለችው አንድ ቀን፣ በቀልድ መልክ።

«ማንም» አላት። «ጠጋ በይ፣ ግንቡ ልብስሽን ያበላሸዋል።»

ጠጋ ብላ ልትሄድ አልቻለችም። እግሯ እምቢ አለ።

ፋብሪካው ለጥበቃ የሚቀጥረው ከሠራዊት የተመለሱትን ነው። ርካሽ ናቸው፣ አይተኙም፣ አያጉረመርሙም። ወንድሟም ከአንድ ጓዱ ጋር አብሮ ተቀጠረ። ጓዱን ሰው ሁሉ «ሳቂታው» ይለዋል። ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ በረባ ባልረባው «ሂ» የሚል ልጅ። ጥበቃዎቹ አስራ አምስት ነበሩ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰዓቱ ሥር ይሰለፉና በተራ ቁጥራቸውን ይጠራሉ። አለቃቸው ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው፤ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ ያዳምጣል። የመጨረሻው ሰው «አስራ አምስት» ካለ ሁሉም አለ ማለት ነው፣ ይፈርማል። ወንድሟ ስድስት ቁጥር ነበር። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «እህም፣ ስድስት!» ሳቂታው አስራ አንድ ነበር። «አስራ አንድ፣ ሂ!»

ካቻምና፣ ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ ሳቂታው ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ባለው የጥበቃ ማማ ላይ ራሱን አጠፋ። ያገኙት እኩለ ቀን ላይ ነው። ደብዳቤ አልተወም። እንዴት ሆኖ፣ ለምን ሆኖ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ተመልሶ ዝም አለ። ማማው ተቆለፈ። ቀብሩ ላይ ሃምሳ አለቃው ከሁሉም በላይ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቶት አያውቅም።

ሳቂታው በሞተ ማግስት ጠዋት ፈታሿ በቆርቆሮ ክፍሏ ውስጥ ሆና ቆጠራውን ሰማች። ስምንት። ዘጠኝ። አስር።

«አስራ አንድ፣ ሂ!»

በእጇ ላይ የነበረውን የአንዲት ሴት ቦርሳ ለቀቀችው። ድምፁ የሳቂታው ነው። እሱን የሚመስል ሳይሆን ራሱ፤ መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠለዋ ሳቅ ሳትቀር። ቀጥሎ «አስራ ሁለት» ተባለ፣ «አስራ ሦስት» ተባለ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተበተነ። ማንም «ምንድነው የሰማነው?» አላለም።

በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። መጋረጃዋን ገልጣ ለማየት ሞክራ ነበር። ሰልፉ ፊቱን ወደ ሰዓቱ ስለሚያዞር የምታየው ጀርባ ብቻ ነው፤ በአስረኛውና በአስራ ሁለተኛው መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ።

በመጨረሻ አራት ቁጥርን ጠየቀችው። አራት ቁጥር ከሁሉም ወጣት ነው፤ ድምፁ ግቢውን ስለሚያናጋው «ጥሩምባ» ይሉታል።

«አንተ ልጅ፣ አስራ አንድን ማነው የሚጠራው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ ሚዛን፣ እርስዎ ኪስ ይፈትሹ፣ እኛ ቁጥር እንቁጠር» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። አእምሮዬ ነው ብላ ተቀበለችው። የደከመ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሞተ ሰው ቁጥሩን ሲጠራ እየሰማች የሴቶቹን ትከሻ ዳሰሰች። ሰው የማይለመድ ነገር ሁሉ ይለምዳል፣ ምን ይደረግ።

አሁን ወደዚያ የጉም ቀን እንመለስ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ወንድሟ ተለውጦ ነበር። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠገነ። የጣራውን ቀዳዳ ደፈነ። ለዓመታት ሲጮህ የኖረውን የበር ማጠፊያ ፈትቶ ዘይት አጠጣው። እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ፊቱ ላይ ያ የተጨማደደ ነገር ጠፍቶ እንደ ልጅነቱ ለስልሶ ነበር። ተሻለው ብላ ደስ አላት፤ ደስታዋንም እንዳይሰማባት ደብቃ ያዘችው። ያን ዕለት ንጋት ላይ ቀድሟት ሲወጣ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋላት።

«እታለም፣ አሁን አይጮህም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ ሻይዋን እየጠጣች። ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

ቆጠራው ተጀመረ። በጉሙ ውስጥ ሰልፉም፣ ሃምሳ አለቃውም አይታዩም፤ ቁጥሮች ብቻ ከነጩ ውስጥ እየወጡ ይመጣሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። «አራት!» አለ ጥሩምባ። አምስት። ስድስት።

የሆነ ነገር ቆረቆራት። «እህም» የለም። ጉሮሮው አልተጠረገም።

ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። አስር።

ዝም።

ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ። ከዚያ «አስራ ሁለት!»

እጇ ከፊቷ በቆመችው ሴት ትከሻ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ፈትልና ቅባት የሸተተች፣ እንቅልፍ ያጣች ክር ጠቅላይ ናት።

«ኧረ እትዬ ሚዛን፣ እጅዎ እላዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» አለቻት። ከኋላዋ ያሉት ሳቁ።

ፈታሿ አልሳቀችም። ሁለት ዓመት የፈራችው ድምፅ ዛሬ ሲቀር መደሰት ነበረባት። እሷ ግን መጋረጃውን ገፍትራ ወጣች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት የፈታሽነት ሥራዋ ሰልፍ ትታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ሃምሳ አለቃው ከሰዓቱ ሥር መዝገቡን እየዘጋ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ አስራ አንድ ለምን አልተጠራም?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ረጅም ጊዜ ጠረገው። «አንቺም ትሰሚው ነበር?»

«ጆሮ አለኝ እኮ።»

«በቃ፣ ተወው ማለት ነው። ተመስገን ነው። እኔ እንኳ አንድ ቀን ይተወዋል ብዬ ነበር ዝም ያልኩት።»

«ማነው የተወው?»

«ወንድምሽ ነዋ!» አለ፣ እንደማታውቅ ገርሞት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱ ነው የሚጠራው። ስድስትን በራሱ ድምፅ፣ አስራ አንድን በዚያ ልጅ ድምፅ። ፀጉራችን ይቆማል፤ ግን ምን እንበለው? ለጓዱ ክብር ነው ብለን ተውነው። ለአንቺማ እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

ሁለት ዓመት ከመጋረጃዋ ማዶ ሲመጣ የነበረው የሞተ ሰው ድምፅ በእጇ ካሳደገችው ልጅ ጉሮሮ ነበር የሚወጣው። ማታ ማታ ከፊቷ ተቀምጦ ማንኪያውን በጥንቃቄ የሚያነሳው ልጅ። ይሄን ልታስብበት ጊዜ አልነበራትም። ሌላ ነገር መጣባት።

«ስድስትንስ ዛሬ ማን ጠራው?»

«ራሱ ነዋ።»

«ዓይተውታል?»

«በዚህ ጉም?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ዓይተውታል ወይ ነው የምልዎት!»

ሃምሳ አለቃው መዝገቡን ገለጠ፣ ፊርማውን አየ፣ እንደገና ዘጋው። «አስራ አምስት ሲባል ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ መልስ እንዳልሆነ ራሱም እያወቀ።

ጥሩምባ ሁለተኛው በር ላይ ቆሟል። እጁ ላይ የሱፍ ጓንት አጥልቋል። ጓንቱን ስታየው አወቀችው፤ የሠራችው እሷ ናት፤ ባለፈው ብርድ ለወንድሟ።

«ወንድሜ የታል?»

«እዚሁ ነበር፣ ሽንት ቤት ይሆናል እትዬ…»

«ቁጥሩን የጠራኸው አንተ ነህ።»

«እኔ? ኧረ እኔ የራሴንም በስንት ጣር…»

«ልጄ» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወታደር ቤት ጓደኛን መሸፈን ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። አንዱ ሲያረፍድ ሌላው ይጠራለታል፣ አለቃ አይሰማም፣ ያልፋል። ዛሬ ግን የምትሸፍነው ማርፈድን አይመስለኝም። ጓንቱን መቼ ነው የሰጠህ?»

ጥሩምባ ወደ ጓንቱ አየ። «ትናንት። ‘እኔን አይሞቀኝም፣ አንተ ውሰደው’ አለኝ። ከዚያ ‘ነገ ጥራልኝ’ አለኝ። ይሙቱ እትዬ፣ ሌላ አላሰብኩም፤ እሱም ለእኔ ስንቴ ጠርቶልኛል! እንዲያውም ፊቱ ጥሩ ነበር። ሳቀልኝ እኮ። እንደ… » ቆመ።

«እንደ ማን?»

«እንደ ሳቂታው።»

ሃምሳ አለቃው ከኋላዋ ደርሶ ነበር፤ የቁልፍ ሰሌዳውን አይቶ ነው የመጣው። የማማው ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ የለም። ሦስቱም ወደ ጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ሮጡ፤ ማለትም ሁለቱ ሮጡ፣ ሃምሳ አለቃው በሚያነክሰው እግሩ ተከተላቸው። ጉሙ እዚያ ይበልጥ ይከብዳል። የማማው የብረት ደረጃ ከመሬት ተነስቶ ሦስት ሜትር ያህል ይታይና ነጩ ውስጥ ይጠፋል። በሩ ላይ የነበረው ቁልፍ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል።

ከላይ የሰዎች ድምፅ ይሰማል። ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው ወንድሟ ነው። ሌላኛው በየመሃሉ «ሂ» ይላል።

ጥሩምባ ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ። ሃምሳ አለቃው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«አይንፉ። ማንም እንዳይወጣ። ከዚህም እንዳትሄዱ።»

«እኔ ልውጣ እንጂ፣ አንቺ ሴት ነሽ…»

«እህቱ ነኝ።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች። ብረቱ እጇን እንደ ጥርስ ይነክሳታል። ወሬው ቆመ። የምትሰማው የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሆነ። የላይኛው ሳንቃ በር ገርበብ ብሏል።

«ወንድሜ!»

ሳቂታው መለሰላት።

«ስድስት የለም፣ ሂ።»

የደረጃውን ብረት ጨብጣ ያዘች። ነፍስና ሥጋዋ ሊላቀቁ ምን ቀራቸው። ዞሮ መሮጥ ነበር ደንቡ። ግን ዕድሜ ልኳን ሲደክማት የኖረች ሴት ነች፣ ለመፍራትም አቅም ይጠይቃል። ተናደደች።

«አንተን አይደለም የጠራሁት» አለች ለድምፁ። «አንተን በክብር ሸኝቼሃለሁ። አፈሩ እስኪመለስ ቆሜያለሁ። አሁን ጉዳዬ ከወንድሜ ጋር ነው። እባክህ ትንሽ ዝም በልልን።»

ብዙ ጊዜ አለፈ። ወይም አላለፈም፤ በጉም ውስጥ አይታወቅም። ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ሰማች።

«እህም።»

ጉሮሮ መጥረግ ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ ደስ ያሰኛት ድምፅ የለም።

«እታለም፣ ውረጂ» አለ ወንድሟ፤ በገዛ ድምፁ።

«አልወርድም። ጉልበቴ አንዴ ነው የሚወጣው፣ አብቅቷል።» እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መጠየቅ የፈራችውን ጠየቀች፤ ቃሉን ሳትሸፋፍን። «ራስህን ልታጠፋ ነው እዚህ የወጣኸው?»

«አዎ።»

ይሄን ቃል ብሰማ እሞታለሁ ብላ ታስብ ነበር። አልሞተችም። እንዲያውም የሆነ ነገር ቀለላት፤ እሱንም የቀለለው መሰላት፤ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማችው። ስለ ድካሟ፣ ስላሳደገችው፣ ስለ እናታቸው አጥንት ልታነሳበት ብዙ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ንገረኝ» አለች። «እሰማሃለሁ። የትም አልሄድም።»

ቀስ በቀስ ነገራት። ሳቂታው የሞተ ዕለት ዋዜማ «ነገ ጥራልኝ» ብሎት ነበር። እሱም የልጅ ጨዋታ መስሎት ጠዋት በጓዱ ድምፅ «አስራ አንድ፣ ሂ!» አለ። ጥሩ አድርጎ ስላስመሰለው ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ፈረመ። ማንም አልፈለገውም። እኩለ ቀን ሆነ።

«እኔ ባልጠራለት ኖሮ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይፈልጉት ነበር። በሕይወት ነበር እኮ ያን ጊዜ፤ ሐኪሙ ነግሮናል። እኔ ነኝ ያለ ያስመሰልኩት። በማግስቱ ቁጥሩ ሲደርስ አፌ ራሱ ጠራው። ካልጠራሁት እንደገና የሚሞት መሰለኝ። አሁን ግን ቤት ውስጥም ይመጣል። ከድሮም ክፍት የምተወው የግራዬ ቦታ ላይ እሱ ይሄዳል። ደክሞኛል፣ እታለም። እሱም ደክሞታል።»

«ይሄን ሁለት ዓመት ብቻህን ተሸከምከው?»

«ለማን ይነገራል? ገዳይ ነኝ ተብሎ?»

«ገዳይ አይደለህም። እሱ አሞት ነበር፤ አንተ ጓደኛህን ነው የሸፈንከው። አሁን ደግሞ አንተን አሞሃል። ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው።»

ቃሉ ከበሩ ወዲህ እንደቀረ ታወቃት። ሌላ ምን እንደምትል አላወቀችም፤ ስድስተኛ ክፍል ለዚህ አያስተምርም። ያኔ ከታች፣ ከጉሙ ሥር፣ ግቢውን የሚያናጋው ድምፅ ተነሳ፤ ዝም ማለት አቅቶት።

«ስድስት! እኔ ጥሩምባ ነኝ! ስማኝ፣ እኔ አንተን መጥራት አልችልም! ዛሬ እንኳ ስጠራህ አላስመሰልኩትም! እህሙን ረስቼዋለሁ! እንዴት አድርጌ ነው ዕድሜ ልኬን ‘እህም’ እያልኩ የምኖረው? ጓንትህንም አልፈልግም! ውረድና ራስህ ጥራ!»

ከበሩ ማዶ ወንድሟ ሳቀ። «ሂ» አልነበረም። የራሱ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ከትንሽነቱ የምታውቀው ሳቅ ነው። መሃሉ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። በሩ ተከፈተ።

ፊቱ የጉም ቀለም ነበር። ልታቅፈው ተነሳችና ቆመች። ሥራዋን ታውቃለች።

«እጅህን ዘርጋ» አለችው።

ወታደር ነው፣ ዘረጋ። ወንድ ፈትሻ አታውቅም፤ በፋብሪካው ደንብ አይፈቀድም። በእጇ ጀርባ ከትከሻው ጀመረች፣ በብብቱ አለፈች፣ ወገቡ ጋ ስትደርስ እጇ ክብደቱን አወቀ። አወጣችው። ወንድሟን ይዛ ወደ ታች ወረደችና ለሃምሳ አለቃው ሰጠችው፤ ሃምሳ አለቃውም ሳያይ ተቀብሎ ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ወሰደው። ኪሶቹን ደገመቻቸው፤ ምንም የለም። ያኔ ነው ያቀፈችው። የረጠበ ጥጥ የተሸከመች ያህል ከበዳት።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰዱት። ሦስቱም ሄዱ። ጥሩምባ በመኪናው ውስጥ እጁን አልለቀቀም። ሐኪሟ አጭር፣ ችኩል የምትመስል ሴት ናት። ያንኑ ጥያቄ ዓይኗን ሳታርገበግብ ጠየቀችው፤ እሱም ያንኑ መለሰ። በኋላ እህቱን ለብቻዋ አስቀምጣ፣ «ፊት ለፊት መጠየቅሽ አልጎዳውም፤ ሐሳቡን አንቺ አላመጣሽበትም፣ እሱ ዘንድ ነበር» አለቻት። ቤት ውስጥ አደገኛ ነገር እንዳይኖር፣ ብቻውን እንዳይተው፣ ድንገት ሲረጋጋና ንብረቱን ሲያድል ደግሞ ዳነ ብላ እንዳትዘናጋ ነገረቻት። ፈታሿ ስለ ቧንቧውና ስለ በሩ አሰበች። ወንድሟ ስድስት ሳምንት ተኛ።

ሃምሳ አለቃው በዚያ ሳምንት ሰዎቹን ሰብስቦ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ሁለት ጊዜ በጆሮዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «ከእንግዲህ በዓይኔ ነው።» አሁን ጠዋት ጠዋት ከሰው ወደ ሰው እያነከሰ ይሄዳል፣ ፊት ለፊት ይቆማል፣ «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ አያልፍም። መጀመሪያ ላይ ሳቁበት፣ «ሃምሳ አለቃ ሊድረን ነው እንዴ?» አሉት። ከመካከላቸው ሦስት ሰዎች ግን በየተራ ሐኪሟ ዘንድ ሄደዋል። አንዱ ራሱ ሃምሳ አለቃው ነው። የጥበቃዎቹ መሣሪያ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚቆለፍበት ሣጥን ሁለት ቁልፍ ተሠራለት፤ ሁለቱ በሁለት ሰው እጅ።

አስራ አንድ ቁጥር ለማንም አልተሰጠም። ቆጠራው አስር ላይ ሲደርስ ትንፋሽ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ከዚያ አስራ ሁለት ይባላል። ጉም በሚሆንበት ቀን ፈታሿ በዚያች ክፍተት የገዛ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታገኘዋለች። አንድ ነገር ሊል ነው። አስራ ሁለት እስኪባል ነክሳ ትይዘዋለች። ይሄን ለሐኪሟ ነግራታለች፤ ሐኪሟም «አንቺም መምጣት አለብሽ» ብላ ቀጠሮ ሰጥታታለች።

ወንድሟ የጥበቃ ሥራውን ትቶ ክር በሚቀለምበት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ማታ እጁ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። ከባድ ቀናት አሉት፤ ባለፈው ወር አንዱ በጣም ከባድ ነበር፤ እሱ ራሱ መጥቶ «እታለም፣ ዛሬ መጥፎ ነው» አላት፣ አብረው ሄዱ። ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሟን ያያል፤ እሷም ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። እሷ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በዚያው ፋብሪካ በር፣ በዚያችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ በዚያው ሁለት ክፍል ቤት ከወንድሟ ጋር ትኖራለች።